ዝም ያለው ሞተር

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ እስከዳር ጓሳ ከሚባለው የሣር ምድር ጥግ ባሉት መንደሮች አምስት ቀን ሠርታ መሐል ሜዳ ከተማ ስትመለስ ታኅሣሥ ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ከተከራየችው ፈረስ ወርዳ ሻንጣዋን በረንዳው ላይ ጣለችና እጇን እንኳ ሳትታጠብ በቀጥታ ወደ ጓዳው ገባች። ጓዳው አከራይዋ ወይዘሮ አረጋሽ ድንችና ገብስ የሚያኖሩበት፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ተጠግቶ በድንጋይ የተሠራ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ፍሪጁ ያለው እዚያ ነው። በፍሪጁ የላይኛው ክፍል፣ በፍሪዘሩ ውስጥ፣ ስምንት ትንንሽ ብልቃጦች ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ብልቃጥ ለመቶ በግ የሚበቃ የፈንጣጣ ክትባት ይዟል።

የፍሪዘሩን በር ስትከፍት ሁልጊዜ ፊቷን የሚመታት ጉም የመሰለ ቅዝቃዜ አልመጣም። ግድግዳው ላይ ተጋግሮ የነበረው አመዳይ የለም፤ ከሥሩ ውሃ አቁሯል። እጇን ሰዳ ከብልቃጦቹ አጠገብ ያለውን ብርጭቆ አወጣች። ይህ ብርጭቆ ኮሌጅ ሳለች አንድ መምህሯ ያስተማራት ዘዴ ነው፤ በብርጭቆ ውሃ ታረጋና በበረዶው አናት ላይ አንድ ሳንቲም ታስቀምጣለች። ሳንቲሙ እላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም ማለት ነው። ወርዶ ከተገኘ ግን እሷ በሌለችበት አንድ ነገር ሆኗል።

ሳንቲሙ ከብርጭቆው ሥር ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ተኝቷል።

ቴርሞሜትሩን አየች። ስትሄድ ከዜሮ በታች አሥራ ስድስት ነበር። አሁን ከዜሮ በላይ አራት ይላል።

የገብስ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ነገ በዓታ ናት። እርሻ የማይነካበት ቀን ስለሆነ ሦስት መንደር ሙሉ ከቅዳሴ በኋላ በጉን ነድቶ ሜዳው ላይ ይወጣል። ይህ ቀን የተቆረጠው የገብሱ ውቂያ እስኪያልቅ ተጠብቆ፣ ስንት ተለምኖ ነው። ከወንዙ ማዶ ፈንጣጣው ገብቷል፤ እነዚህን አምስት ቀናት ያሳለፈችው ዓይናቸው ያበጠ፣ ከንፈራቸውና የጅራታቸው ሥር የቆሰለ ግልገሎች ስታይ ነው። ሰው ቀጥሎ የሚሰበሰብበት ቀን ታኅሣሥ ሚካኤል ነው። እስከዚያ አሥር ቀን አለ። ፈንጣጣ ወንዝ ለመሻገር አሥር ቀን አይፈጅበትም።

የክትባቱ ነገር ደግሞ አስቸጋሪ ነው። የደረቀ ዱቄት ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ ለረጅም ጊዜ፣ ከስምንት ዲግሪ እስካላለፈ ድረስም ለተወሰኑ ሳምንታት ይኖራል። ሙቀቱ ካለፈበት ይሞታል። ሲሞት ቀለሙ አይለወጥም፣ አይሸትም፣ አይረጋም። የሞተውም በሕይወት ያለውም እኩል ነጭ ነው። አሁን አራት ዲግሪ መሆኑን አይታለች፤ ትናንት ስንት እንደነበረ፣ ከትናንት ወዲያ ስንት እንደነበረ ግን ማን ይነግራታል?

«እትዬ አረጋሽ!» ስትል ተጣራች። «እትዬ!»

ወይዘሮ አረጋሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከዋናው ቤት መጡ። «መጣሽ ልጄ? ምነው ሳትቀመጪ ጓዳ ለጓዳ?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ ምንም! በዚህ ሳምንትስ ተመስገን ነው። ምነው ፊትሽ?»

«ፍሪዘሩ ቀልጧል።»

ወይዘሮ አረጋሽ ወደ ፍሪጁ አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፍሪጁ የእሳቸው ነው። የእንስሳት ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ከነሐሴ ጀምሮ ጠጋኝ ሲጠብቅ፣ «ምን ቸገረኝ፤ ከሥጋዬ ጋር ይተኛ» ብለው ክትባቱን በቤታቸው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ወደ ጓዳ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። የገና ጾም ሊገባ ሲል በዋዜማው፣ «ቅቤና ሥጋ የያዘ ነገር ከራስጌዬ ቆሞ እንዴት ጾም እይዛለሁ?» ብለው ሁለት ጎረምሳ ጠርተው አስወሰዱት። እስከዳርም ያን ዕለት አጠገባቸው ቆማ ነበር። «ጥሩ ነው እትዬ፤ ብርዱ ያግዘዋል፤ መብራትም አይበላም» ብላ የመረቀችው እሷ ራሷ ነች። ከዚያ ወዲህ ጾሙ አስሯቸው ወይዘሮ አረጋሽ በሩን አልከፈቱትም።

እስከዳር ተነሣች። ስትደነግጥ የሚያረጋጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ማየት። የሶኬቱን መሰኪያ ነቅላ መልሳ ሰካችው። የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ከቀይ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። የፍሪዘሩን በር በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ዘግታ ወረቀቱን ጎተተችው፤ የበሩ ጎማ ነክሶ ያዘ። ፍሪጁን ከግድግዳው ስባ ከጀርባው ያለውን ቱቦ በመጥረጊያ ጠረገች። ብዙም አቧራ የለበትም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ሞተር በመዳፏ ነካችው። እንደ ግድግዳው ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር።

ስልኳን አውጥታ ሪድዋን ዘንድ ደወለች። ሪድዋን ቆላው ሸዋ ሮቢት ሱቅ ያለው የፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ፍሪጁንም ለወይዘሮ አረጋሽ የሸጠላቸው እሱ ነው።

«የበጎቹ ዶክተር!» አለ። «ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ በካናቴራ ነን።»

«ሪድዋን፣ ፍሪጁ አያቀዘቅዝም።»

«መብራት አለ?»

«አለ። ስታቢላይዘሩም አረንጓዴ ነው። የበሩን ጎማ በወረቀት ሞከርኩት፣ ይይዛል። ጀርባውንም ጠርጌዋለሁ።»

«ማሻ አላህ፣ ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው። ሞተሩን ንኪው እስቲ።»

«ነክቼዋለሁ። በረዶ ነው።»

ሪድዋን ቀልዱን ተወ። «ጋዝ አልቆ ቢሆን ሞተሩ ያለ ዕረፍት ሲሠራ፣ ሲግል ታገኚው ነበር። ከቀዘቀዘ ሞተሩ ራሱ ሄዷል ማለት ነው። ጭነሽ አምጪልኝ።»

«ለነገ ጠዋት ነው የምፈልገው።»

«እህቴ፣ ነገ ጠዋትማ መኪናው ራሱ ዳገቱን አይጨርስም።»

ስልኩን ዘግታ ሳትጨርስ ከደጅ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። አቶ ይታየው ነበሩ። ነገ በጋቸውን የሚያወጡት የሦስቱ መንደሮች ተጠሪ ናቸው፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ። በቅሎዋን ከአጥሩ አሥረው ወደ ጓዳው በር መጡና የተሳበውን ፍሪጅ፣ የወይዘሮ አረጋሽን ፊትና የእስከዳርን እጅ ተራ በተራ ተመለከቱ።

«‹ነገ ነው አይደል?› ልል ነበር የመጣሁት» አሉ። «ልበል ወይስ ልተወው?»

እስከዳር ልትዋሽ አልፈለገችም፤ እውነቱንም አታውቀውም። «ጋሽ ይታየው፣ ፍሪዘሩ ቀልጦ አገኘሁት። ክትባቱ በሕይወት ይኑር አይኑር ገና አላወቅኩም።»

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ከሌላ አገር ክትባት ይዞ መጥቶ መንደሩን ሙሉ ወግቶ ነበር። በወሩ ፈንጣጣው ገብቶ የተወጋውንም ያልተወጋውንም ጠረገው። አቶ ይታየው አሥራ አራት በግ ቀበሩ። እስከዳር ከዚያ በኋላ ስትመጣ አንድ ዓመት ሙሉ በግ የሚያሳያት ሰው አልነበረም። ‹ውሃ ወጊ› ይሏት ነበር፤ እሷ ባልወጋችው። ያን ስም ያስቀሩላትና ሰዉን አባብለው ለነገ ያዘጋጁት እኚሁ ሰው ናቸው።

«ውጡ ካልሽኝ ሰዉ ይወጣል» አሉ በመጨረሻ። «ቅሩ ካልሽኝ ይቀራል። ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዚህ መነሣት አለብኝ። ገደሉን በብርሃን ነው የምወርደው፤ ሰዉም ግልገሉን ከእናቱ የሚለየው ዛሬ ማታ ነው።»

እስከዳር ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ወይዘሮ አረጋሽ እጇን ይዘው ወደ ጥግ ሳቧት። «አንቺ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ፣ «አሁን በእጅሽ ያዢው፣ ቀዝቃዛ አይደለም እንዴ? ቀዝቃዛ ነው። ታዲያ ምን ያንጫጫሻል? የአረጋሽ ፍሪጅ የሰው በግ ፈጀ እንዲባል ነው?»

«እትዬ፣ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ስንት እንደነበረ አላውቅም።»

«እኔ አላውቅም እንዴ! እዚሁ ግድግዳ ሥር እኮ ነው የምተኛው። ሙቀት የሚባል ነገር አልነበረም። እንዲያውም እሱ ሞተራችሁ እንደ ወፍጮ እያጓራ እንቅልፍ ነስቶኝ ሲያበቃ፣ እነዚህን ሦስት ሌሊት ትንፍሽ አላለም። ጌታ ሰማኝ ብዬ ተኛሁ።»

«ሦስት ሌሊት?»

«ሦስት ሌሊት፣ ሦስት ቀን። ከዚህ ቤት መች ወጣሁና?»

«ሦስት ቀን ከሆነው» አሉ አቶ ይታየው ከበሩ፣ «ለቅሶ መድረስ ነው የቀረን።»

እስከዳር አልሳቀችም። ሦስት ቀን የሚለውን በልቧ ይዛ ቆመች። የከሰዓቱ ፀሐይ በደጁ አለ፤ ጓዳው ውስጥ ግን ጣቷ ደንዝዟል። ሻርፗን ልትጠቀልል አገጯን ቀና ስታደርግ፣ ከአፏ የወጣው ትንፋሽ በአምፖሉ ብርሃን ነጭ ሆኖ ሲተን አየች። ያን ትንፋሽ እስኪጠፋ ድረስ ተከተለችው። ከዚያ ስልኳን መልሳ አነሣች።

«ሪድዋን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሞተሩን ተነሥ፣ ተኛ የሚለው ማነው?»

«ቴርሞስታት ነው። የታችኛውን በር ስትከፍቺ ከመብራቷ አጠገብ የምትዞር ቁልፍ አለች አይደል? ከጀርባዋ ቀጭን ሽቦ አለች። እሷ ሲሞቃት ሞተሩን ታስነሣለች፣ ሲበርዳት ታስተኛለች።»

«የላይኛው ፍሪዘርስ የራሱ ሽቦ የለውም?»

«የለውም። ሞተሩ ለታችኛው ሲነሣ የላይኛውም አብሮ ይበርዳል።»

«ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው የምታስነሣው?»

«ስድስት፣ ሰባት። ቁልፏ የት ላይ እንዳለች ነው። ምን ያደርጋል፣ እኛ ጋ ሁሌ እንደተነሣ ነው፤ ይኼ ሙቀት መች ያስተኛዋል?»

እስከዳር የታችኛውን በር ከፈተች። ከሁለት ሽንኩርትና ከአንድ ጠርሙስ ውሃ በቀር ባዶ ነው። ቴርሞሜትሩን ከቁልፏ አጠገብ አንጠልጥላ በሩን ዘጋች፤ ቆይታ ከፍታ አየችው። አራት ዲግሪ።

«ሪድዋን» አለች ቀስ ብላ፣ «ክፍሉ ራሱ ፍሪጅ ቢሆንስ?»

«እ?»

«ከሦስት ቀን ወዲህ ውርጭ ነው። የተቀመጠበት ጓዳ የድንጋይ ነው፣ ፀሐይ አያየውም። ታችኛው ክፍል ከውጭው ብርድ የተነሣ ሳይሞቅ ከቀረ፣ ሽቦዋ ሞተሩን አትቀሰቅሰውም። ሞተሩ ካልተነሣ ደግሞ የላይኛው እየቀለጠ ይሄዳል።»

ሪድዋን ሳቀ። «ፍሪጁ በርዶት ተኛ ነው የምትዪኝ? ወላሂ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት የጥገና ሥራዬ እንዲህ ያለ በሽተኛ አልመጣብኝም!» ሳቁን ገታ አደረገ። «ግን ይሆናል እኮ። ይሆናል። ታችኛውን አሙቂው። ከተነሣ እውነትሽን ነው። ካልተነሣ እኔ ያልኩሽ ነው፤ ሞቷል።»

ስልኩን ስትዘጋ ወይዘሮ አረጋሽና አቶ ይታየው አፍጥጠው ያዩዋታል።

«ጋሽ ይታየው» አለች። «እርስዎ የጓሳን ሣር ጠብቀዋል አይደል?»

«ስድስት ዓመት።»

«ጓሳ ለከብት ተዘግቶ ሳለ ጠባቂው ሦስት ቀን ሙሉ ባይጮህ ምን ይላሉ?»

አቶ ይታየው አሰቡ። «ወይ ከብት አልገባም፤ ወይ ጠባቂው የለም።»

«ይኼም እንደዚያ ነው። ታችኛው ሰባት ዲግሪ ሲደርስ የምትጮህ ጠባቂ አለች። ሦስት ቀን አልጮኸችም። ደህና ከሆነች ሙቀቱ ሰባት አልደረሰም ማለት ነው፤ በበረዶ ተሞልቶ የነበረው የላይኛው ደግሞ ከታችኛው ቀድሞ አይሞቅም። ስለዚህ ክትባቱ ደህና ነው። ጠባቂዋ ሞታ ከሆነ ግን ማንም አላየልንም።»

«ታዲያ ጠባቂ የሚፈተነው አንድ በሬ ሰድዶ ነው» አሉ አቶ ይታየው።

«በሬው የፈላ ውሃ ነው። እትዬ፣ ማንቆርቆሪያ ይጣዱልኝ።»

ወይዘሮ አረጋሽ አማተቡ። «ፍሪጅ እንዲበርድ እሳት! ኧረ ዘንድሮ!» እያሉም ከሰሉን ሊያያይዙ ሮጡ።

እስከዳር ስምንቱን ብልቃጦች በጥንቃቄ አውጥታ በክትባት መያዣው ሳጥን ውስጥ፣ በቀለጡት ነገር ግን ገና በቀዘቀዙት የበረዶ ከረጢቶች መካከል አስቀመጠቻቸው። ውሃው ሲፈላ ማንቆርቆሪያውን በታችኛው ክፍል የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ አኖረች፤ ቴርሞሜትሩን ከሽቦዋ አጠገብ እንዳለ ትታ በሩን ዘጋች። በየሁለት ደቂቃው በጣት ስፋት ከፍታ ታያለች። አራት ተኩል። አምስት።

«ስንት ላይ ነው መነሣት ያለበት?» አሉ አቶ ይታየው።

«ከስምንት በፊት። ከስምንት በኋላ ቢነሣ ምንም አይጠቅመኝም፤ ክትባቱን የሚገድለው ከስምንት ያለፈ ሙቀት ነውና።»

አምስት ተኩል ላይ አምፖሉ ጠፋ።

ከመንገዱ ማዶ ሲያጓራ የዋለው የእህል ወፍጮ ቀስ በቀስ ድምፁ ወርዶ ዝም አለ። መብራቱ የጠፋው ከከተማው ሁሉ ነው።

«ሳምንቱን ሙሉ ቆይቶ አሁን!» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ። «አሁን ምናለበት!»

አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። እስከዳር ማንቆርቆሪያውን አውጥታ በሩን ዘጋች። ከመጠበቅ በቀር የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ እሷን የከበዳትም ይኸው ነው። አቶ ይታየው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። የአጥሩ ጥላ በግቢው ላይ ረዘመ፤ የውርጩ ንፋስ ከጓሳ በኩል መንፈስ ጀመረ።

«ልጄ» አሉ አቶ ይታየው ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ብትወጊው በጉን ይገድለዋል እንዴ?»

«አይገድለውም። ሞቶ ከሆነ ምንም አያደርገውም።»

«እንግዲያ ወግተሽው ቢሆንስ? ያዳነ እንደሆነ አዳነ።»

እስከዳር ይህን ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምራ ስታስበው ነበር። ማንም አያውቅባትም። ስምንት መቶ በግ ተወግቶ ይሄዳል፣ ሰዉ ይመርቃታል፣ ሪፖርቷ ያምራል። ደግሞ ላይሞት ይችላል፤ ምናልባት ስምንቱም ብልቃጥ ደህና ነው። ያ ‹ምናልባት› ነው ያስቸገራት።

«የተወጋ በግ ያለው ሰው አይጠነቀቅም» አለች። «ተከትቧል ብሎ ከማዶው መንጋ ጋር ያሰማራዋል፣ ገበያ ያወጣዋል። ካልተወጋ ግን ቢያንስ ይፈራል፤ ቤቱ ይይዘዋል። እርስዎ ያን ጊዜ በግዎን የት አሰማሩት?»

አቶ ይታየው በትራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩት። «ማዶ» አሉ። «ተወግቷል ብዬ ማዶ ወሰድኩት።»

ወይዘሮ አረጋሽ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እንግዲህ እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ አቶ ይታየው ወደ እሷ ዞረው። «አሥራ አንድ ሲሆን እሄዳለሁ። የምትዪኝን ነው የምናገረው። ‹ደህና ነው› ካልሽኝ ‹ደህና ነው› እላለሁ። ‹አላውቅም› ካልሽኝም ‹አላውቅም ብላለች› እላለሁ፤ እሱ ነውር የለውም። ዳሩ ግን ሳታውቂ ‹ደህና ነው› እንዳትዪኝ። አሥራ አራቱን አንድ ጊዜ ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አቅም የለኝም።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሞተሩ ካልተነሣ» አለች እስከዳር፣ «ስምንቱንም አስወግዳቸዋለሁ። በጋችሁን ቤት ያዙ ብላለች ይበሉ።»

ወይዘሮ አረጋሽ ከሰሉን እያራገቡ ማንቆርቆሪያውን እንደገና ጣዱ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲሆን አቶ ይታየው ተነሥተው የበቅሎዋን ኮርቻ ማጥበቅ ጀመሩ። አሥር ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን ለጎሟት።

ከመንገዱ ማዶ ወፍጮው አጓራ።

«መጣ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ አረጋሽ፤ ማንቆርቆሪያውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ገቡ። አምፖሉ በርቷል። ስታቢላይዘሩ ግን ቀይ ነው፤ መብራት በተመለሰ ቁጥር ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ለፍሪጁ አይለቅም። እስከዳር ማንቆርቆሪያውን አስገብታ በሩን ገጠመችው። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ያቺን ቀይ ነጥብ አዩ። አቶ ይታየው የበቅሎዋን ልጓም እንደያዙ ከበሩ ቆመዋል፤ የበቅሎዋ አፍንጫ ከትከሻቸው በላይ ጓዳው ውስጥ ገብቶ ያሸታል።

አረንጓዴ።

ዝም።

በሩን በጣት ስፋት ከፈተች። ስድስት።

ዝም።

«ስንት ነው?» አሉ አቶ ይታየው።

«ስድስት ተኩል።»

«ተነሥ አንተ!» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ የፍሪጁን ጎን በመዳፋቸው እየመቱ። «ሳልፈልግህ ስታጓራ ከርመህ!»

ሰባት። የቴርሞሜትሩ ቁጥር ዓይኗ እያየ ተለወጠ፤ ሰባት ነጥብ ሁለት። ሰባት ነጥብ አራት። ስምንት እስኪደርስ ምን ያህል ቀረው ብላ ልታሰላ አልደፈረችም። አረንጓዴዋን ነጥብ፣ ሞተሩን፣ የወይዘሮ አረጋሽን የተጨማደደ እጅ አየች። ‹አላውቅም› የሚለውን ቃል በአፏ ማዘጋጀት ጀምራ ነበር።

ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ፍሪጁ እንደ ደነገጠ ሰው ተንዘፈዘፈና ማጓራት ጀመረ። ቴርሞሜትሩ ሰባት ነጥብ አምስት ላይ ነበር።

ወይዘሮ አረጋሽ እልል አሉ። እስከዳር ግን ማንቆርቆሪያውን አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችና በሩን ዘግታ ግንባሯን በሩ ላይ ደገፈች። ንዝረቱ በግንባሯ በኩል ጥርሷ ድረስ ይሰማታል። አቶ ይታየው ልጓሙን ለቀው ገቡ። ከፍሪጁ ጀርባ ዞረው በጉልበታቸው ተንበርክከው ሞተሩን በእጃቸው ያዙት፤ በውርጭ ሌሊት የተወለደ ግልገል መተንፈሱን እንደሚያይ ሰው ቆዩ።

«መሞቅ ጀምሯል» አሉ።

«ከሰባት ተኩል አላለፈም ማለት ነው» አለች እስከዳር። «ቢያልፍ ኖሮ እንዲህ ይጮህ ነበር፤ እትዬም ይሰሙት ነበር።»

«እሰማዋለሁ እንጂ! እኔ ነኝ የማልሰማው?»

«ጋሽ ይታየው፣ ይውጡ ይበሏቸው። ግን ነገ መርፌ ከመጨበጤ በፊት ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደነበር፣ በምን እንዳረጋገጥን ለሰዉ ሁሉ እናገራለሁ። የማይፈልግ አያስወጋ።»

«እኔው እነግራቸዋለሁ» አሉ እየተነሡ፣ ጉልበታቸውን እያራገፉ። «ፍሪጁ በርዶት ነበር፣ እሳት አሙቀንለት ነቃ ብል ግን ማን እንደሚያምነኝ እንጃ። ከጠላ ቤት መጣህ ነው የምባለው፤ ያውም በጾም!» በቅሎዋ ላይ ወጡና ከላይ ሆነው አዩዋት። «የኔን በጎች መጀመሪያ ትወጊያለሽ። ሰዉ እያየ።»

ወጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ሞልቶ ነበር።

በቀረው ብርሃን ሁለት ጎረምሶች ፍሪጁን ወደ ዋናው ቤት መለሱት። ወይዘሮ አረጋሽ የቀለጠውን ሥጋ ለገና ቋንጣ ሊያደርጉት እየዘለዘሉ፣ የቅቤውን ዕቃ በጨርቅ ሸፍነው እያስቀመጡ፣ ከራስጌያቸው የቆመውን ፍሪጅ በጎን አዩት። ቤቱ ውስጥ ምድጃው ስለሚነድ ሞተሩ ፋታ አላገኘም።

«ይረብሽዎታል እትዬ» አለች እስከዳር።

«ይጩህ» አሉ። «ዛሬስ ዝም ካለ ነው የምነቃው።»

እስከዳር ስምንቱን ብልቃጦች ወደ ፍሪዘሩ መልሳ፣ ብርጭቆውን በንጹሕ ውሃ ሞልታ ከአጠገባቸው አስገባች። ሳንቲሙን ግን ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ውሃው ገና አልረጋም።

ጠዋት የበዓታ ቅዳሴ ደወል ሲሰማ ፍሪዘሩን ከፈተች። ጉም የመሰለው ቅዝቃዜ ፊቷን መታት። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ይላል። ብልቃጦቹን ወደ ሳጥኑ አዛወረች፤ ነጩን በረዶ በጥፍሯ መታ አድርጋ ሞከረችና ሳንቲሙን አናቱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሳጥኑን አንግታ ወደ ሜዳው ወጣች። በግቢው ሣር ላይ ያለው ውርጭ ከጫማዋ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከሜዳው በኩል ከእናታቸው የተለዩ ግልገሎች ሲጮኹ ይሰማል፤ ከሁሉም ፊት፣ ብቻቸውን፣ የአቶ ይታየው በጎች ቆመዋል።